ሚጢ የተወችው ክኒን

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ቀኑን ሙሉ መሪ ይዘህ ስትውል የሚያምህ ወገብህ ተሻለው ወይ? ባለቤትህስ እንደምን ናት? ደረጃ መውጣት የሚያቅተው ጉልበቷ ተሻላት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የትልቁ የፊት ጥርሶች በቀሉለት? ትንሿስ ዛሬም «ከአባባ እጅ ካልሆነ አልበላም» እያለች ታስቸግርሃለች? መንገድህን ሁሉ ያቅናልህ፤ ከክፉ አጋጣሚ ይሰውርህ፤ ቤትህን በጤና ይሙላው። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ሥራዬን እገባለሁ፤ ሲርበኝ እበላለሁ። ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ብዬ ልጻፍልህ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን ይሉታል ትል ይሆናል። ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ስልክህን ዘጋህብኝ። ያን ቀን «እኅትህን በገዛ አፍህ እየገደልካት ነው» ብዬ ስጮህብህ «የጥርጣሬ ቃል ጆሮዬ አይገባም» ብለህ ዘጋኸው፤ ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል አይጠራም። ልክ ነህ፤ አነጋገሬ የታናሽ አነጋገር አልነበረም። ይቅር በለኝ፣ እግርህ ሥር ወድቄአለሁ። አሁን ግን እዚህ ጤና ጣቢያ አብራኝ የምትሠራው አዋላጅ ዘመድ ልትጠይቅ አንተ ወዳለህበት ከተማ ስለምትመጣ ይህን ወረቀት በእጇ ልኬልሃለሁ። መሐል ላይ ቁጣዬን የምታገኝበት ቦታ አለ፤ እዚያ ስትደርስ እንዳትቀድደው። እስከ መጨረሻው አንብብልኝ፤ የምለምንህ ነገር ያለው መጨረሻው ላይ ነው።

የሚጢን ልጅ የድንቡሼን ማረፍ ከአባቷ ሰምተሃል። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎት ስለነበር ለቅሶህን ሁላችንም ሰማን። አንድም ቀን ሳታቅፋት ቀረህ። «ድንገተኛ ነው፤ የእግዜር ፈቃድ ነው» ሲልህ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር፤ ሐዘንተኛውን ሰው በተሰበሰበበት ልቃወመው አልፈለግኩም። ድንገተኛ አልነበረም ወንድሜ። ወራት የፈጀ ነገር ነው፤ ሁሉም ዓይኔ እያየ ነው የሆነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ታናሻችን ሚጢ ትስል እንደነበር ታስታውሳለህ። እሷ «የጨርቅ ብናኝ ነው፤ ይህን ሁሉ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ባልስል ነው የሚገርመው» ትል ነበር። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ መስቀያ ላይ እንደዋለ ልብስ ሲንጠለጠል ሳይ ግን እጇን ጎትቼ ወደ ሥራ ቦታዬ አመጣኋት። ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው አክታ መስታወት ላይ እየቀባሁ፣ በቀይ ቀለም እየነከርኩ፣ ከሥሩ በእሳት እያሞቅኩ፣ በአሲድ እያጠብኩ፣ በሰማያዊ ቀለም እየደረብኩ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ሌላው ነገር ሁሉ አሲዱ ሲነካው ቀዩን ቀለም ይለቃል፤ የሳንባ ነቀርሳው ተሕዋስ ብቻ ነው ቀይ እንደሆነ የሚቀረው። የሚጢን ሳየው ሰማያዊው ሜዳ ላይ ቀያዮቹ ተበትነዋል። ወንበሬን ለቅቄ «ነይ ራስሽ እዪው» አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችና «የክር ቁርጥራጭ ይመስላሉ፤ ሱቄን ጠርጌ የምጥለው ዓይነት» አለችኝ። ቀና ብላም «እነዚህ ናቸው እንዴ የሚበሉኝ?» ብላ ሳቀች። ያን ጊዜ አይታ አምና ነበር።

መድኃኒቱ የስድስት ወር ነው፤ በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል። ሚጢ ጀመረች። ሽንቷ በመድኃኒቱ ምክንያት ብርቱካንማ ሲሆን «ጭማቂ ቤት ልከፍት ነው፤ ጠርሙስ አምጪልኝ» እያለች ታስቀኝ ነበር። ድንቡሼም ከእናቷ ጋር አንድ ክፍል ስለምትተኛ እንዳይዛት መከላከያ ታዘዘላት፤ በውኃ የሚሟሟ፣ ጣፈጥ የሚል ክኒን። ጠዋት ጠዋት እናትና ልጅ ከስፌት ማሽኑ ፊት ይቀመጡና ኩባያ ለኩባያ አጋጭተው «ለጤናችን!» ብለው ይጠጣሉ። ድንቡሼ ሁልጊዜ ቀድማ ትጨርስና «አሸነፍኩሽ» ትላታለች። በወሩ ሚጢ አራት ኪሎ ጨመረች። ሳሉ ጠፋ፤ ጉንጯ ተመለሰ። እማዬ «ልጄን መልሳችሁ ሰጣችሁኝ» እያለች ነርሶቹን መርቃ አትጠግብም ነበር።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ እንደ ደንቡ አክታዋን ደግሜ መረመርኩ። መቶ ቦታ ፈለግኩ፤ አንድም ቀይ የለም። «አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ ማኅተም አደረግኩ። ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ ወረቀቱን ይዤ ወደ ሱቋ ሮጥኩ። «ከአክታሽ ጠፍቷል፤ ከሰውነትሽ ግን ተነቅሎ አላለቀም፤ አራት ወር ይቀርሻል» አልኳት። «እሺ ዶክተር» ብላ ቀለደችብኝ። ባሏ ግን ያቺን ወረቀት ከእጄ ተቀብሎ ደጋግሞ ሳማት። ምነው ያን ቀን እጄ በተሰበረ እላለሁ።

እሑድ ዕለት የአምልኮው አዳራሽ፣ ያ ድሮ የእንጨት መጋዘን የነበረው፣ ጢም ብሎ ሞልቷል። አገልጋዩን ክፉ ሰው አድርጌ ልስልህ አልችልም። የታመመ ይጠይቃል፤ ካላቸው ለምኖ ለሌላቸው ያደርሳል፤ ሲጸልይ የሚያፈሰው እንባ የውነት ነው። ነገሩን ያከፋብኝም ይኸው ነው፤ አታላይ ቢሆን ኖሮ ሰው አንድ ቀን ይነቃበት ነበር። ሚጢን ወደ መድረኩ ጠርቶ ባሏ ያመጣለትን ወረቀቴን ከፍ አድርጎ ያዘና «ሐኪሞች ራሳቸው መሰከሩ! አልተገኘም ይላል!» አለ። ሕዝቡ እልል አለ፤ ወንበር ተገለባበጠ። ሚጢ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ቀጠለና «የተፈወሰ ሰው መድኃኒት ቢውጥ ፈዋሹን አላመንኩህም ማለቱ ነው» አለ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ተነሥቼ «ያ ፊርማ የኔ ነው፤ የጠፋው በክኒኑ ነው፤ ገና አልተጨረሰም» ማለት ነበረብኝ። ሰው ሁሉ በሚዘልበት መሐል ደስታ አፍራሽ መሆን አሳፈረኝ። ይህ የኔ ኃጢአት ነው፤ ላንተም ለፈጣሪም እናዘዘዋለሁ።

እንዲያም ሆኖ ሚጢ ክኒኑን ወዲያው አልተወችም። ከባሏ ተደብቃ ሦስት ቀን ዋጠችው። በአራተኛው ቀን አንተ ደወልክ። የመድረኩን ቪዲዮ አይተህ ድምፅህ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር አለችኝ። «አሁንም ትውጫለሽ?» ብለህ ጠየቅካት። «ሚጢዬ፣ እኔን በልጅነቴ ከሞት አፍ ያወጣኝ አምላክ አንቺንም አውጥቶሻል፤ በጥርጣሬ አታቆሽሺው፤ ተይው» አልካት። ተወችው። አገልጋዩ ካላት፣ ባሏም ካላት ይልቅ ያንተ አንድ ቃል አስተዋት። አባባ ሲሞት ስድስት ዓመቷ ነበር፤ በጫንቃህ ተሸክመህ ትምህርት ቤት ያደረስካት አንተ ነህ፤ ጸጉሯን አጣመህ የምትጎነጉንላትም አንተ ነበርክ፤ ማሽኑን ልከህ ባለሙያ ያደረግካትም አንተ ነህ። «እሱ አባቴ ነው፤ እሱ ካለ አለ ነው» አለችኝ። የሷንም የድንቡሼንም መድኃኒት በአንድ ፌስታል ቋጥራ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣለችው። ያቺ የኔ ወረቀት ደግሞ በመስታወት ተከባ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለች።

ለመንኩ፤ ተቆጣሁ፤ አለቀስኩ። «የተረፈው መድኃኒቱን ለምዶ ነው የሚመለሰው፤ ያኔ ይሄ ክኒን አይበግረውም» ብዬ በሥዕል ጭምር አስረዳኋት። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ወራት አለፉ። ኅዳር ላይ ሱቋ ጎራ ስል ግራ የሚያጋባ ነገር አየሁ፤ መርፌው ሥር ጨርቅ ሳይኖር ማሽኑ ይጮኻል። ለካ ፔዳሉን የምትረግጠው ሳሏ ወደ ውጪ እንዳይሰማ ነው። ከጎኗ ነጭ የተማሪ ሸሚዝ ተዘርግቷል፤ ኮሌታው ላይ ደም ነጥቧል። አየሁት። ማየቴንም አየች። መቀሷን አንሥታ ኮሌታውን ቆርጣ ጣለችና አዲስ ኮሌታ መስፋት ጀመረች። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ «ለኔ ብለሽ ብቻ አንድ ጊዜ አክታሽን ስጪኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም» ስላት ብልቃጡን ተቀብላኝ ወደ ጓሮ ዞረች።

ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፤ መፈለግ አያስፈልገውም፤ ሜዳው ቀይ ነው። የቀረውን ናሙና ትልቁ ላቦራቶሪ ልኬ በማሽን ሲመረመር የፈራሁት መጣ፤ መድኃኒት የተላመደ ነው ተባለ። ባሏን ጠርቼ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጥኩት። ቤት ቀለም ቀቢ አይደለም? ቀለም አይቶ አይሳሳትም ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ጎንበስ አለና ቆየ። «ምን ይታይሃል?» ስለው «ምንም» አለኝ። ዞር ብዬ ከጎኑ ሳየው ሁለቱንም ዓይኖቹን ጥርቅም አድርጎ ጨፍኗቸዋል፤ ሽፋሽፍቱ ይንቀጠቀጣል። «ኧረ ዓይንህን ግለጥ» አልኩት። «ካየሁት አምነዋለሁ፤ ካመንኩት ደግሞ ይሆናል» አለኝ። በክፋት አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ሚስቱን ይወዳታል።

ደሜን የሚያፈላው የወረቀቶቹ ነገር ነው። አልተገኘም ያልኩበት ወረቀት የእግዜር ምስክር ተብሎ መስታወት ገባ፤ ተገኘ ያልኩበት ወረቀት የሰይጣን ሐሰት ተብሎ ተቀደደ። ሁለቱንም የጻፈች አንዲት እጅ ናት። ማይክሮስኮፑ ያው ነው፤ ቀለሙ ያው ነው፤ እኔም ያችው እኅታቸው ነኝ። የተናገርኩት ሲጥማቸው ሐኪም፣ ሲመራቸው ጠላት የምሆነው በምን ሕግ ነው?

እዚህ ላይ ናሙና መጥቶብኝ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ሰባት ሰዎች ነበሩ። ስድስቱ ንጹሕ ሆኑ። ሰባተኛዋ የዳቦ ቤት ሠራተኛ ናት፤ እንዳለባት ሲነገራት ትንሽ አሰብ አደረገችና «ክኒኑ በስንት ሰዓት ነው የሚወሰደው?» ብላ ብቻ ጠየቀች። እንዴት እንደቀናሁባት አልነግርህም።

ወደ ድንቡሼ ልመለስ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ትኩሳት ያዛት። ያቺ ድቡልቡል፣ ስትስቅ ዓይኗ የሚጠፋው ልጅ መጫወት ተወች፤ ብርሃን ሲነካት ታለቅሳለች፤ የበላችውን ትመልሳለች። አገልጋዩ መጥቶ ዘይት ቀባት፤ ጸለየላት። ለኔ አልነገሩኝም። በአሥረኛው ቀን ስደርስ አንገቷን ቀና ላድርገው ብል እንደ እንጨት ደርቋል። ማንንም ሳላስፈቅድ አዘልኳትና ወጣሁ። ሚጢ ጫማ እንኳ ሳታደርግ ተከተለችኝ። ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪሟ ከወገቧ ፈሳሽ ቀድታ አስመረመረች። የእናቷ ሳንባ ውስጥ የነበረው ወደ ልጅቱ አንጎል ሽፋን ወጥቷል፤ ማጅራት ገትር ነው። «መከላከያ ወስዳ ነበር?» ብላ ጠየቀች። «ጀምራ ተወች» ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ከእናቷ የያዛት መድኃኒት የለመደው ዓይነት መሆኑን ስለነገርኳቸው ሌላ መድኃኒት ተጀመረላት፤ በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ። ሚጢ አፏን በጭምብል ሸፍና አልጋው ሥር ተቀመጠች። በአምስተኛው ቀን ድንቡሼ ዓይኗን ገልጣ የእናቷን ጣት ያዘች። ሐኪሟ «ገና ነው፤ ግን ምልክቱ መልካም ነው» አለች። እኔ ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በማግስቱ፣ ዓርብ፣ አባቷና አገልጋዩ መጡ። ዓይኗን መግለጧን ሲሰሙ «ይኸው ተጀመረ! እሑድ በጉባኤው ፊት ይፈጸማል፤ ወደዚያ እንውሰዳት» አሉ። ሐኪሟ ለመነቻቸው፤ ቀጥላ ተቆጣቻቸው፤ ቀጥላ ወረቀት አምጥታ «በኃላፊነታችሁ ነው» አለቻቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አላሳልፍም አልኩ። ሚጢ በሁላችን መሐል ስልኳን አወጣችና ላንተ ደወለች። የመለስክላትን እሷው ነግራኛለች፤ «እኔ ከዚህ ሆኜ ምን አውቃለሁ፤ አገልጋዩን ስሙት» ነው ያልካት። አባቷ ፈረመ። ቅዳሜ ጠዋት ቱቦው ተነቀለና አቅፏት ወጣ።

እሑድ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ሚጢ መድረኩ ላይ ወንበር ተደርጎላት ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ተቀምጣለች። ሕዝቡ እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። አባቷ ተንበርክኮ ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፍቷል። ከዚያ ሁሉ ሰው ወደ ልጅቱ የምታይ እናቷ ብቻ ነበረች፤ ስለዚህም ቀድማ ያወቀች እሷ ነች። ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ ቀስ ብላ ፊቷን ስትሸፍነው አየሁ። መዝሙሩ ግን ለረጅም ጊዜ አልቆመም።

ቁጣዬ ያለው እዚህ ጋ ነው ወንድሜ። ያቺን ልጅ ያላመነ ሰው አይደለም የገደላት፤ እግዜርም አይደለም። ዓይናችንን ጨፍነን፣ አፋችንን ዘግተን፣ በሩቅ ሆነን «ስሙት» ብለን የገደልናት እኛ ነን። አንተ ብቻ ነህ አልልህም። እኔም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ዝም ብያለሁ። በለቅሶው ቤት አገልጋዩ ምን አለ መሰለህ? አልቅሶ አልቅሶ «የሐኪም ደጅ ባትረግጡ ኖሮ ትተርፍ ነበር፤ በሁለት ልብ ሆናችሁ» አላቸው። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ብትድን ጸሎቱ፣ ብትሞት ሐኪሙ፤ ከዚህ በኋላ በምን ማስረጃ ነው ሰው የሚመለሰው?

ሚጢም አመነችው። «ያን ቀን አክታዬን ላንቺ የሰጠሁት ነው በሩን የከፈተው» አለችኝ። ተቆጥታኝ ቢሆን በወደድኩ። አልተቆጣችም፤ አፅናናችኝ እንጂ። «አንቺ ለደግ ብለሽ ነው» ብላ ራሴን ዳበሰችኝ። አሁን ሠላሳ ስምንት ኪሎ ናት። ሱቋን አልዘጋችም፤ ግን አንድ ሸሚዝ ሰፍታ ለመጨረስ ሦስት ቀን ይፈጅባታል።

አሁን እማዬ የነገረችኝን ልንገርህ፤ እሷም ንገሪው ብላኛለች። ልጅቷ ከተቀበረች ከሳምንት በኋላ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ሆዴ ባብቶ «ወንድሜ እኔን ከሞት አፍ ያወጣኝ አምላክ ብሎ ነው እኮ ሚጢን ያስተዋት» አልኳት። በሰባት ዓመትህ እንደዚሁ አንገትህ ደርቆ፣ ራስህን ስተህ፣ እማዬ መቅደስ ደጃፍ ሦስት ቀን ተደፍታ ጸልያ እንደተነሣህ ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው። አንተም በየመድረኩ መስክረኸዋል። እማዬ «መርፌውስ?» አለችኝ። «የምን መርፌ?» አልኳት። ለካ የሰፈሩ መርፌ ወጊ፣ ድሬሰሩ፣ አሥር ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ በብስክሌት እየመጣ ሲወጋህ ነበር። አንተ ራስህን ስለሳትክ አታውቀውም፤ እኔ አራት ዓመቴ ነበር። «ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» ብዬ ጮኽኩባት። «ማን ጠየቀኝ ልጄ? መጀመሪያ እናገረው ነበር። ሰዉ ጸሎቱ ላይ ስደርስ ያለቅሳል፤ መርፌው ላይ ስደርስ ወደ ሌላ ጨዋታ ይሄዳል። እያደር እኔም ተውኩት» አለችኝ። ቀጠለችና «እኔ መቼ ነው እግዜርን ከመርፌው ለይቼ የማውቀው? ድሬሰሩን በዚያ ጭቃ በብስክሌት ያመጣልኝ ማን ሆነና?» አለችኝ። ያን ብላ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «ያቺን አንዲት ቃል በመዋጤ የልጅ ልጄን ቀበርኩ» እያለች ይኸው እህል ከቀመሰች ቆየች።

ይህን የምነግርህ ምስክርነትህን ላረክስብህ አይደለም። አምላክህን ተው አላልኩህም፤ እኔም አልተውኩትም። ስላይዱን ማይክሮስኮፑ ላይ ሳስቀምጥ ዛሬም «አቤቱ ንጹሕ አድርገው» እላለሁ። ግን ካልኩ በኋላ ዓይኔን ገልጬ አያለሁ።

ልመናዬ ይህ ነው። ለሚጢ በሽታ ሌላ መድኃኒት አለ፤ በየቀኑ ክኒን ነው፤ ረዘም ይላል፤ ልብን ስለሚነካ ሐኪም እየተከታተለው ነው የሚወሰደው። ሆስፒታሉ አልጋ ይዞላታል፤ ሐኪሙ «እስከ የካቲት ሃያ እጠብቃታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ተራ የሚጠብቅ ሌላ በሽተኛ አለ» ብሎኛል። ትድናለች ብዬ አልምልልህም፤ ሳንባዋ ብዙ ተጎድቷል። ካልጀመረች ግን እስከ ክረምት እንደማትደርስ ያየሁትን አይቼ እነግርሃለሁ። ሰኞ ዕለት ማሽኗ አጠገብ ተቀምጬ «ምን ቢሆን ነው የምትውጪው? ማን ቢልሽ?» አልኳት። ስፌቷን አቁማ አሰበች። «እኔ አላመፅኩም» አለችኝ፤ «ተይው ያለኝ ወንድሜ ነው፤ ውጪው ካለኝ እውጣለሁ። ሌላ ሰው ቢለኝ ግን ልጄን በከንቱ ነው የቀበርኳት ማለት ነው፤ እሱን አልችለውም።»

ስለዚህ ደውልላት። ለኔ አትደውል፤ ለኔ ሲመችህ ይቅርታ ታደርግልኛለህ። ለሷ ደውል። ስለ ተሕዋስ አታስረዳት፤ ስለ ወረቀቱም አታንሣባት። «ተሳስቼ ነበር ሚጢዬ፤ ውጪው» በላት። ከፈለግህ ጸሎት ጨምርበት፤ እሱን አንተ ታውቅበታለህ። የመርፌውንም ነገር ከእማዬ ጋር ተማክረህ ብትነግራት ታቀልላታለህ። ከአፍህ እንዲህ ያለ ቃል ማውጣት እንዴት እንደሚከብድህ አውቃለሁ፤ ተሳስቼ ነበር ካልክ ድንቡሼም አብራ ትመጣብሃለች። ትምጣብህ ወንድሜ። እኛ ላይ በየቀኑ ነው የምትመጣው። የሞተችውን ተሸክመን በሕይወት ያለችውን እናትርፋት።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ጉልበቷን ብርድ እንዳታስመታው ንገርልኝ። ትልቁን ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ። እማዬ ድምፁን ካልሰማሁ አላርፍም ትላለች፤ ስለ መርፌው ይቅር በለኝ ትልሃለች። የሚጢ ባል ሰላም ብሎሃል፤ የሳሎኑን ግድግዳ ባለፈው ሳምንት ብቻውን ቀብቶታል፤ ያቺን ወረቀት ግን መልሶ አልሰቀላትም፤ የት እንዳደረጋት አልጠየቅኩትም። ሚጢ ደብዳቤ እየጻፍኩልህ መሆኑን ስነግራት ሰላም በይልኝ አላለችም። «ይደውላል?» ብቻ አለችኝ።

የምትወድህ ታናሽ እኅትህ
ከጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ፣ በምሳ ሰዓት
ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን